ስለ ኮንሰርቲናና ሃርፕ፦ ጠይቁኝ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ

በየግላችሁ ከምትጠይቁኝ እዚሁ ይሻላል ብዬ ነው። የምኖረው አየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ ክሌር ነው። የምጫወተው ኮንሰርቲና ነው፣ በሁለት እጅ ተይዞ በወናፍ የሚሠራ ትንሽ ባለ ቁልፍ መሣሪያ። ስለ ሃርፕ የቤልፋስቷ እህታችን ትሻላለች፣ እሷን አድክሟት። ከመጀመራችን በፊት፦ ለአየርላንድ ሙዚቃ የሚገዛው አንግሎ የሚባለው ዓይነት፣ ሲ/ጂ (ሁለቱ ዋና ረድፎቹ በሲና በጂ የተቃኙ)፣ 30 ቁልፍ ነው። ይህን ሳታነቡ «የትኛውን ልግዛ» እንዳትሉኝ። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ከለንደን፦ ጋሼ ሰላም ነው? እዚህ «ኢንግሊሽ» የሚባለው ኮንሰርቲና በርካሽ ተገኝቶልኛል። ይሆነኛል?

መልስ፦ ላይ ጽፌዋለሁ። አንግሎ። ምክንያቱን ግን ልንገርህ። በኢንግሊሹ አንዱን ቁልፍ ስትገፋም ስትስብም ያው ድምፅ ነው የሚወጣው። በአንግሎ ስትገፋ አንድ፣ ስትስብ ሌላ። ጀማሪ ሁሉ ይሄን እንደ ጣጣ ያየዋል። ጣዕሙ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ወናፉ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ድምፁ ለቅጽበት ይቆረጣል፣ ጂግና ሪል የሚባሉትን የአየርላንድ የጭፈራ ዜማዎች የሚያስጨፍረው ያ መቆረጥ ነው። ኢንግሊሹ የለንደኑ የዊትስቶን ፈጠራ ነው። የአንግሎ ዘር ግን ከጀርመን ነው፣ የኬምኒትዙ ካርል ኡህሊግ በ1834 ከሠራው ይወርዳል።

ከኮርክ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ በኢንግሊሽም አሳምረው የሚጫወቱ አሉ እኮ። ሰውን ባናስፈራራ?

መልስ፦ አሉ። እኔ የምመልሰው ለጀማሪ ነው። አስተማሪው አንግሎ ነው የሚይዘው፣ ሴሽን (ሙዚቀኞች ተሰብስበው አብረው የሚጫወቱበት) ላይ አጠገቡ የሚቀመጠውም አንግሎ ነው የሚይዘው። ከማን ሊማር ነው?

ከደብሊን፦ እኔ 30 ቁልፉን ገዝቻለሁ። ሪል ስሞክር ግን ጣቴ ይተሳሰራል፣ መሀል ላይም አየር ያልቅብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! እህቴ፣ አንድ ረድፍ ላይ ብቻ እየሄድሽ ይመስለኛል። ሦስት ረድፍ አለሽ፦ የሲ፣ የጂ፣ ከላይ ደግሞ ተጨማሪው። ከመካከለኛው ሲ በላይ ያለውን ኤ ውሰጂ። ግራ እጅሽ ላይ ብቻ ሦስት ቦታ ታገኚዋለሽ። በሲም በጂም ረድፍ ስትስቢ ይወጣል፣ ተጨማሪው ረድፍ ላይ ግን ስትገፊ ነው የሚወጣው። ጂ የዚህ ግልባጭ ነው፣ ሁለቱ ቦታ በመግፋት፣ ተጨማሪው ላይ በመሳብ። ከፍ ያለው ዲ ደግሞ በግራ ጂ ረድፍ ሲገፋ፣ በቀኝ ሲ ረድፍ ሲሳብ ይወጣል። ቢም እንደሱ። እንግዲህ ዲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ ብሎ የሚወርድ ሐረግ ቢመጣብሽ አራቱንም በመግፋት ብቻ ልትጫወቺው ትችያለሽ። ስትፈልጊ አራቱንም በመሳብ ብቻ። ስለዚህ ዜማውን ከጣትሽ በፊት በወናፍ አስቢው፦ ምቱ እንዲጎላ የምትፈልጊበት ቦታ ላይ አቅጣጫ ቀይሪ፣ ለስለስ እንዲል የምትፈልጊውን በአንድ አቅጣጫ ውሰጂው፣ ወናፉ ሊያልቅ ሲል ያንኑ ድምፅ በተቃራኒው አቅጣጫ ከሚሰጥሽ ቁልፍ አምጪው።

ድምፅ ሳያወጣ አየር የሚያስገባውና የሚያስወጣው የአየር ቁልፍ በቀኝ አውራ ጣትሽ ሥር ነው። እስኪያልቅብሽ አትጠብቂ። ድምፅ እያወጣሽ ሳለ በትንሹ ነካ አድርጊው፣ ማንም አይሰማውም። ቁልፍ ሳትጫኚ ወናፉን በጉልበት መግፋት ደግሞ ክልክል ነው፣ ትበጥሺዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቁልፍ አደራደሩ ሁለት ዓይነት ነው፣ በሠሪዎቹ ስም የሚጠሩት የዊትስቶንና የጄፍሪስ። በጄፍሪሱ ከፍ ያለው ሲ ሻርፕ (ከሲ በግማሽ ቶን የሚበልጠው) ሲገፋም ሲሳብም ይወጣል፣ በዊትስቶኑ ሲገፋ ብቻ። ከዲ የሚነሳ ሪል የሚወድ ሰው ልዩነቱን በሳምንቱ ያውቀዋል።

ከስቶክሆልም፦ ምርጡ ኮንሰርቲና የቱ ነው?

መልስ፦ በጀትህን ሳትነግረኝ? አለፍኩት።

ከስቶክሆልም፦ እሺ፣ ባለ 20 ቁልፍ አለ፣ ርካሽ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ 30 አልኩ። 20ው ሲ ሻርፕ የለውም። እዚህ የሚጫወቱት ዜማ አብዛኛው ከዲና ከጂ ነው የሚነሳው፣ ለዲው ደግሞ ሲ ሻርፕ ያስፈልጋል።

ከዳላስ፦ በገና እጫወታለሁ። ወደ አየርላንድ ሃርፕ መሸጋገር ቀላል ነው?

መልስ፦ የቤልፋስቷ፣ ያንቺ ነው።

ከቤልፋስት፦ ጆሮህ ይጠቅምሃል፣ እጅህ ግን እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። የበገና አሥሩ አውታሮች በሳጥኑ ፊት ለፊት አልፈው ወደ ቀንበሩ ይወጣሉ። የሃርፕ አውታሮች ከሳጥኑ ገበታ ራሱ ተነስተው ነው ወደ ላይ የሚሄዱት፣ ስለዚህ ግራና ቀኝ እጅህ ከሁለት ወገን ይገባሉ። ቀኙ ዜማውን፣ ግራው ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል። ትንሿ ጣት ሥራ የላትም። የተለመደው ባለ 34 የናይለን አውታር ነው፣ ቀዩ ሲ፣ ጥቁሩ ኤፍ። ከላይ በየአውታሩ ሌቨር (ትንሽ ማንሻ) አለ፣ ስታነሳው ድምፁ ግማሽ ቶን ከፍ ይላል። ጉዱ የሚመጣው ዜማው ከሲ ሻርፕ ወደ ተራው ሲ ሲመለስ ነው። ግራ እጅህ ወፍራሙን ትቶ ወደ ላይ ሮጦ ሌቨሩን አውርዶ ይመለሳል፣ ምቱ ሳይዛነፍ! ደግሞም አውታሩ ከተነካ በኋላ መጮሁን አያቆምም። በፈጣን ሪል ካላፈንከው ሁሉም ተደባልቆ ጭቃ ይሆናል። ለጀማሪ ከመንካቱ ማፈኑ ነው የሚከብደው።

ከጎልዌይ፦ ይቅርታ፣ ይሄ የናይለን ክር የአየርላንድ ሃርፕ ነው እንዴ? ጥንት የብረት ሽቦ ነበር፣ የሚመታውም በጥፍር ነው። የጥንቱ የአየርላንድ ንጉሥ የብሪያን ቦሩ ሃርፕ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተቀምጦ የለ!

ከቤልፋስት፦ ሽቦውስ ልክ ነህ። ግን ብሪያን ቦሩ የሞተው በ1014 ነው። ሃርፑ የተሠራው ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ ነው፣ ስሙ ተለጥፎበት ነው የቀረው። የጥፍሩም ነገር ቢሆን በ1792 እዚህ ቤልፋስት ሃርፐኞች ሲሰበሰቡ 10 የአየርላንድና 1 የዌልስ ነበሩ፣ በጥፍር የመታው ዴኒስ ሄምሰን ብቻ ነበር። ያኔም እያለቀ ነበር ማለት ነው። ዜማቸውን የጻፈው ኤድዋርድ በንቲንግ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር፣ እሱ ባይኖር እኔና አንተ ምን ይዘን እንከራከር ነበር?

ከጎልዌይ፦ ታዲያ በሽቦ የነበረውን በናይለን መጫወት...

መልስ፦ በቃ፣ በቃ! ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ተሟገቱ። ቀጣይ።

ከአዲስ አበባ፦ ጊነስ ቢራ ላይ ያለው ሃርፕ የመንግሥት ዓርማ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጊነስ በ1876 በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦታል። የመንግሥቱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው የዞረው። ስለ ሙዚቃ ጠይቁ።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ ኮንሰርቲናው ለምን ክሌር ላይ ብቻ በዛ?

መልስ፦ ብቻ አይባልም፣ ግን መዲናው ክሌር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ርካሹ የጀርመን ኮንሰርቲና ገጠር ድረስ ገባ። ትንሽ ነው፣ ድምፁ ይወጣል፣ በማዕድ ቤት ለሚጨፈር ጭፈራ ልክ ነው። ሴቶቹ በጣም ያዙት። የኪልረሽዋ ኤልዛቤት ክሮቲ ከባሏ ጋር መጠጥ ቤት ነበራት፣ በ1950ዎቹ የአየርላንድ ሬዲዮ እሷን ቀድቶ ካሰማ በኋላ አገር ሁሉ አወቃት። በ1960 አረፈች። በመሀል ደግሞ የ1935ቱ የዳንስ አዳራሽ ሕግ አለ። ለጭፈራ ፈቃድ ይኑር አለ፣ ቄሶቹና ፖሊሱ የቤቱንም ጭፈራ በዚያው ሰበብ ተጫኑት። ኮንሰርቲናው ብዙ ቤት አልጋ ሥር ገባ። እንደ ክሌር አጥብቆ የያዘው አካባቢ ጥቂት ነው። የክሮቲን ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙ። ጣቷ አይቸኩልም፣ ግን ወንበር ላይ አያስቀምጣችሁም። ሳትሰሙ አትለማመዱ፣ ስንቴ ልበል።

ከሪያድ፦ ኖታ አላነብም። ይቅርብኝ?

መልስ፦ የቱ ሽማግሌ ያነብ ነበር? በጆሮሽ ያዢው። አብዛኛው ዜማ ሁለት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 8 ባር (የምት ክፍል)፣ ሁለት ሁለቴ ይደገማል። መጀመሪያ በአፍሽ አዚሚው። ማዜም ያቃተሽን ጣትሽ አያወጣውም።

ከአዲስ አበባ፦ ትዝታ ይወጣበታል?

መልስ፦ ሜጀሩ ከሲ ከተነሳህ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። አምስቱም ሲ ረድፍ ላይ አሉ። ይወጣል። ያው ሪል አይደለም።

ከደብሊን፦ ለእረፍት አዲስ አበባ ልወስደው ነው፣ ይጎዳል?

መልስ፦ የሚጎዳው ድርቀት ነው። በጋ ላይ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ድምፅ የሚያወጡት የብረት ምላሶች (ሪዶቹ) ይላላሉ፣ ቁልፍ ሳይነካ የሚጮህም ይመጣል። በሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መጠበቂያ አድርጊበት፣ አውሮፕላን ላይ ከእጅሽ አይለይ። ደብሊንም ብትሆኚ ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጪው፣ መኪና ውስጥም አትተዪው።

ከማንቸስተር፦ የት ልማር? ሴሽን ላይ ዝም ብዬ ገብቼ ልቀመጥ?

መልስ፦ ዝም ብለህ አትቀመጥ። መጀመሪያ ዳር ሆነህ ስማ፣ ከዚያ ጠይቅና ግባ፣ የማታውቀውን ዜማ አትጎርጉር። ለትምህርቱ ሐምሌ ላይ እዚሁ ክሌር ወዳለችው ሚልታውን ማልቤይ ና፣ የዊሊ ክላንሲ የክረምት የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1973 ነው የተጀመረው። ጠዋት ክፍል፣ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ሴሽን ነው። ሃርፕም ያስተምራሉ። ማደሪያ ግን አሁኑኑ ያዝ፣ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሰኔ ላይ ደውለህ «ጋሼ አልጋ ፈልግልኝ» ብትለኝ ስልክ አላነሳም።