ስለ ቴክኖሎጂ ሕዝብ ግንኙነት ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ለቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለ ሙያው የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋዜጣዊ መግለጫ ሞቷል ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?

አልሞተም፤ አንባቢው ነው የተለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1906 ከሙያው ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው አይቪ ሊ የባቡር አደጋ ለደረሰበት ኩባንያ መግለጫ ጽፎ ለጋዜጦች ሲያድል፣ መግለጫው በቀጥታ የሚደርሰው ለጋዜጠኞች ነበር። ዛሬ ደንበኛው፣ ተፎካካሪው፣ ሥራ ፈላጊው፣ የፍለጋ ፕሮግራሙና ቻትቦቱ ሁሉ ያነቡታል። ከዓመታት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል። ስለዚህ መግለጫ ስጽፍ መዝገብ እንደማስቀምጥ አድርጌ ነው የማስበው፦ ቀኑ፣ ዋጋው፣ ለማን እንደሆነ፣ ገና የማይሠራው ነገር ሳይቀር በግልጽ ይቀመጣል።

«አብዮታዊ የመረጃ ደኅንነት መፍትሔ» የሚል ረቂቅ ሲመጣልኝ ወደ ኢንጂነሮቹ እሄድና ትናንት የማይቻል የነበረው፣ ዛሬ የሚቻለው ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ስመለስ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦ «አንድ ሰው በተሰረቀ የይለፍ ቃል ካልተለመደ አገር ሊገባ ሲሞክር ለሲስተም አስተዳዳሪው ወዲያው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።» ይሄኛውን ጋዜጠኛ ሊጽፍበት ይችላል። በመጀመሪያው ማንም ምንም ሊያደርግበት አይችልም።

ጥያቄ፦ ዲጂታል ሚዲያ ሙያውን ለወጠው ይባላል። ከፍጥነት ሌላ ምን ለወጠ?

ማስረጃው ከእጃችን ወጣ። ይህ ደግሞ ከማኅበራዊ ሚዲያ በፊት የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ የሒሳብ ፕሮፌሰር የቺፕ አምራቹ ኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው ቺፕ) አንዳንድ የማካፈል ስሌቶችን እንደሚሳሳት ደረሱበት። ለኩባንያው አሳወቁ፤ አጥጋቢ መልስ ሲያጡ ለጥቂት የሙያ ሰዎች ኢሜይል ጻፉ። ኢሜይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ በኢንተርኔት የውይይት መድረኮች ተሰራጨ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ 4,195,835ን ለ3,145,727 አካፍሎ ማየት ይችል ነበር። ትክክለኛው መልስ 1.33382 ነው፤ ችግር ያለበት ፕሮሰሰር ግን 1.33374 ይል ነበር።

ኢንቴል የሰጠው ምላሽ ተራ ተጠቃሚ ስህተቱን የሚያገኘው በ27,000 ዓመት አንዴ ነው የሚል ሆነ። ፕሮሰሰሩንም የሚቀይረው ለሥራቸው እንደሚያስፈልጋቸው ላስረዱ ደንበኞች ብቻ ነበር። ኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤም ስህተቱ ከዚያ እጅግ በቶሎ ሊያጋጥም እንደሚችል ገልጾ ፔንቲየም ያለባቸውን ኮምፒውተሮች መላክ አቆመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኢንቴል ለጠየቀው ሁሉ እንደሚቀይር አስታወቀ፤ ጉዳዩም 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጣው።

ይህን ታሪክ ለአዲስ ባልደረቦች ሁሉ እነግራለሁ። ኢንቴል ቁጥሩን የራሱ ስሌት ላይ ተመሥርቶ ይሆናል ያወጣው። ነገር ግን ሰው የጠየቀው «ምን ያህል ጊዜ ይሳሳታል?» ብሎ አይደለም፤ «የገዛሁትን ልመነው ወይ?» ብሎ ነው። በእኛ ሥራ ከባዱ ነገር የተጠየቀውን ጥያቄ ለይቶ መስማት ይመስለኛል። ዛሬ ኢሜይሉን ለማዳረስ ሳምንታት አያስፈልጉም፤ አንድ የስክሪን ቅጂ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሲስተም ሲወድቅ ወይም መረጃ ሲሾልክ መጀመሪያ ምን ይባላል?

የምናውቀው፣ እያጣራን ያለነው፣ ቀጣዩን መረጃ የምንሰጥበት ሰዓት። ሦስቱ በአጭሩ ይበቃሉ። «ለደንበኞቻችን ደኅንነት ከፍተኛ ትኩረት እንሰጣለን» የሚለውን ሰርዙት፤ መረጃው የሾለከበትን ሰው የሚያናድድ ቃል ነው። ቀጣዩን መረጃ በ10 ሰዓት እንሰጣለን ካላችሁ ደግሞ አዲስ ነገር ባይኖርም በ10 ሰዓት ውጡና «ገና እየሠራን ነው» በሉ። ዝም ካላችሁ ክፍተቱን ሌላው በወሬ ይሞላዋል።

እኔ የማደንቀው ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትን አገልግሎት የሚሰጠውን ጊትላብን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ አንድ ሠራተኛቸው በስህተት ዋናውን የመረጃ ቋት ሲያጠፋው፣ የመልሶ ማግኘቱን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ፤ የሥራ ማስታወሻቸውንም ለሕዝብ ክፍት አደረጉ። ከመጠባበቂያ ዘዴዎቻቸው ብዙዎቹ እንዳልሠሩ ሳይቀር ራሳቸው ጻፉ። የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፍቷል፤ ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ወሬውን ከሌላ ሰው የሰማ አልነበረም። ሁሉም ኩባንያ እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ በተለይ ወንጀል ሲኖርበት ጠበቃና መርማሪ ይገባበታል። ሕጉንም አስቀድማችሁ እወቁ፦ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የግል መረጃ ሲጣስ፣ አደጋ የማያስከትል ካልሆነ በቀር፣ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ መገለጽ አለበት። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ኩባንያው ካወቀበት ጊዜ ነው። እሑድ ሌሊትም ይቆጥራል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም። ልገባበት እችላለሁ?

ትችያለሽ። ኮድ መጻፍ አይጠበቅብሽም፤ ግን ምርቱን ራስሽ ከፍተሽ ተጠቀሚበት፤ ከኢንጂነሮቹ ጋር ተቀመጪ፤ ያልገባሽን «አልገባኝም» በይ። አንቺ ያልገባሽን ጋዜጠኛው አይገባውም።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መግለጫ መጻፍ ከቻለ እኛ ምን ቀረን?

ማጣራት ቀረን፤ እሱም ትንሽ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ጎግል ባርድ የተባለውን ቻትቦት ሲያስተዋውቅ፣ በማስታወቂያው ላይ ቻትቦቱ ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ ያለችን ፕላኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ያነሳው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ነው ብሎ መለሰ። ስህተት ነበር፤ የመጀመሪያው ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በሌላ ቴሌስኮፕ ተነሥቷል። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ወዲያው አዩት፤ የእናት ኩባንያው የገበያ ዋጋም በአንድ ቀን 100 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወረደ። አንድ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ለአምስት ደቂቃ ቢያየው ኖሮ ይታረም ነበር። ረቂቁን ማንም ይጻፈው፤ እያንዳንዱ ቁጥርና «የመጀመሪያው» የሚል ቃል አጠገብ ያረጋገጠው ሰው ስም እስካልተጻፈ ድረስ ከእኔ ዘንድ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ጋዜጠኞች ለኢሜይሌ መልስ አይሰጡም። ምን ላድርግ?

ለሁሉም አንድ ዓይነት ኢሜይል እየላክህ ይሆናል። የጋዜጠኛውን የቅርብ ጊዜ ሥራዎች አንብብ፤ ዜናህ እሱ ከሚከታተለው ጉዳይ ጋር ካልተያያዘ አትላክ። አንድ ነገር ልጨምር፦ «እስከዚህ ቀን እንዳይወጣ» የሚል መረጃ ስትሰጥ አስቀድመህ ፈቃዱን ጠይቅ። ሰነዱን ከላክህ በኋላ የምትጽፈው ክልከላ እሱን አያስረውም።

ጥያቄ፦ ለማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ ፈጣሪዎች መክፈል ነውር ነው?

መክፈል ነውር የለበትም፤ መደበቅ ነው ነውሩ። በብዙ አገሮች ሕገ ወጥም ነው። ዕቃውን በነጻ መስጠትም እንደ ክፍያ ስለሚታይ ይገለጽ። ተጽዕኖ ፈጣሪው ምን እንደሚል ግን አትጻፉለት፤ ተመልካቹ ያውቃል።

ጥያቄ፦ አለቆቼ «ይህ ዘገባ በማስታወቂያ ዋጋ ስንት ያወጣ ነበር?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

የዘርፉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባርሴሎና ላይ ተሰብስበው፣ የማስታወቂያ ዋጋ የሕዝብ ግንኙነትን ጥቅም አይለካም ብለው ተስማምተዋል። ይህን ንገሯቸው። ከዚያ ሥራው ሳይጀመር «ምን እንዲለወጥ ነው የምንፈልገው?» ብላችሁ ጠይቁ፦ ሙከራ የሚጀምሩ ደንበኞች? የሥራ አመልካቾች? በዚያ ለኩ።

ጥያቄ፦ ገና ያላለቀ ምርት «ዝግጁ ነው» ብዬ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። ባልጽፍ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ፍርሃትህ ይገባኛል። «አልጽፍም» ከማለትህ በፊት አማራጭ ይዘህ ግባ፦ «በሙከራ ላይ ነው» ወይም «ለተመረጡ ደንበኞች ተለቋል» የሚል፣ እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅ። ብዙ ጊዜ አለቃው የሚፈልገው ቀኑ እንዳያልፈው ነው፤ መዋሸቱን አይደለም። የኢንጂነሪንግ ኃላፊው ረቂቁን አይቶ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ጠይቅ፤ ያላለቀ ነገር ላይ ስሙን የሚያኖር ጥቂት ነው። ይህም ካልሠራና «ጻፍ» ከተባልክ፣ ተቃውሞህን በኢሜይል አስቀምጥ፤ ሌላ ሥራም ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ፈልግ። ለጋዜጠኞቹ የምትደውለው አንተ ነህ፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ስትዛወርም እነዚያኑ ጋዜጠኞች ነው የምታገኛቸው።