የአንባቢያን ጥያቄ፦ በአለርጂ ጊዜ አንጀትን የሚያኮማትረው ማነው?

ጥያቄ፦ የፋርማኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ኦቫልቡሚን (የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን) ተወግቶ ሦስት ሳምንት ከቆየ ጊኒ ፒግ የትንሹን አንጀት ቁራጭ ወስደን ኦርጋን ባዝ (ቁራጩን በሕይወት የሚያቆይ ሞቅ ያለ ፈሳሽ ያለበት ዕቃ) ውስጥ ሰቀልነው። ኦቫልቡሚን ስንጨምርበት በኃይል ተኮማተረ። አጥበን ስንደግመው ግን ዝም አለ። አንጀቱ ሞቶ ነው? — ከጎንደር

መልስ፦ መሞት አለመሞቱን ጡንቻውን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። ባዙ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ 0.0001 ሞላር የሆነ የሂስታሚን (ጡንቻውን በቀጥታ የሚያኮማትር ኬሚካል) ሙሙት 0.2 ሚሊ ሊትር ጨምሩበት፤ መቶ ጊዜ ቀጥኖ 0.000001 ሞላር ይሆናል። ቁራጩ ወዲያው ከተኮማተረ ጡንቻው ደህና ነው። ያለቀው የጎረቤቱ የማስት ሴል (ሂስታሚን ቋጥሮ የሚይዝ የመከላከያ ሴል) ዝግጁነት ነው።

በዚህ ሙከራ ብዙዎችን የሚያሳስተው ጡንቻውን ራሱን አለርጂ እንዳለበት አድርጎ ማሰብ ነው። ጡንቻው እንቁላልን አያውቅም። የሚያውቀው ማስት ሴሉ ነው፤ ምክንያቱም ከመርፌው በኋላ የተሠሩት ፀረ እንግዳ አካላት የተተከሉት በእሱ ላይ ነው። በሰው ዋናው አይጂኢ ሲሆን በጊኒ ፒግ አይጂጂ 1ም አብሮ ይሠራል። ኦቫልቡሚኑ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፀረ እንግዳ አካላትን ሲያያይዝ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፣ ሴሉም የቋጠረውን ሂስታሚን ወደ ውጭ ይዘረግፋል። ሂስታሚኑ በጡንቻው ላይ ያለውን ኤች 1 ተቀባይ ሲይዝ በጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል፤ መኮማተሩ የዚህ ውጤት ነው። በኦቫልቡሚን የሚመጣው ምላሽ በቀጥታ ከተጨመረ ሂስታሚን ትንሽ ዘግይቶ የሚጀምረውም በመካከል ይህ ሁሉ ሥራ ስላለ ነው።

የሁለተኛው ዙር ዝምታ ያያችሁት ነገር አለርጂ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው። ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1910 በጊኒ ፒግ አንጀት፣ ሄንሪ ዴል በ1913 በማህፀን ጡንቻ የገለጹት ምላሽ ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬም የሹልትዝ-ዴል ምላሽ ይባላል። ፓውል ኤርሊኽ ማስት ሴልን በ1878 ለይቶ ቢሰይመውም የሂስታሚን ጎተራ መሆኑን ራይሊና ዌስት ያሳዩት በ1953 ነው። ሹልትዝና ዴል ታዲያ ውጤቱን ያዩት ባለቤቱ ሳይታወቅ ነበር።

ስለዚህ ለአንድ ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ ኦቫልቡሚን አቅዱ። ሴሉ የዘረገፈውን በሙከራው ሰዓት ውስጥ መልሶ አይሞላምና፣ ከዚያው እንስሳ ጎን ለጎን የተቆረጡ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮችን አዘጋጅታችሁ ለእያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ስጡ። ኦቫልቡሚን ካልተወጋ እንስሳ የተወሰደ ቁራጭም የግድ ያስፈልጋል። ጥሬ የእንቁላል ነጭ ከተጠቀማችሁ በውስጡ ያለ ሌላ ነገር ጡንቻውን በቀጥታ ሊነካው ይችላል፤ ይህን የሚያጋልጠው ያልተወጋው ቁራጭ ነው። የተጣራ ኦቫልቡሚን ይሻላል።

ታይሮድ (ባዙ የሚሞላበት የጨው ፈሳሽ) ለ1 ሊትር፦ ሶዲየም ክሎራይድ 8 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.2፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ 0.1፣ ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.05፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት 1፣ ግሉኮስ 1፣ ካልሲየም ክሎራይድ 0.2 ግራም። የካልሲየሙ ጠርሙስ ላይ «ዳይሃይድሬት» የሚል ካለ መጠኑ 0.265፣ የማግኒዥየሙ ላይ «ሄክሳሃይድሬት» የሚል ካለ 0.21 ግራም ይሁን። ካልሲየሙን ለብቻው አሟሙታችሁ በመጨረሻ፣ እያማሰላችሁ በቀስታ ጨምሩ፤ ከባይካርቦኔቱ ጋር በደረቁ ከተቀላቀለ ነጭ ዝቃጭ ይሠራና ባዙ ያለ ካልሲየም ይቀራል። ያን ጊዜ ማስት ሴሉም አይዘረግፍም፣ ጡንቻውም አይኮማተርም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ግሉኮሱ በዕለቱ ይጨመር፤ ያደረ እንደሆነ ባክቴሪያ ያፈራል። ሙቀቱ 37 ዲግሪ፣ ውጥረቱ ከ0.5 እስከ 1 ግራም፣ ዕረፍቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሆኖ በየ15 ደቂቃው ይታጠብ። ቀዝቃዛ ታይሮድ ማፍሰስና ሲሰቅሉ አንጀቱን መጎተት ብዙ ቁራጭ ያበላሻሉ።

ሂስታሚን ምን ያህሉን ድርሻ እንደያዘ ለማወቅ በአዲስ ቁራጭ ላይ ሜፒራሚን (ኤች 1 ተቀባይን የሚዘጋ መድኃኒት) 0.0000001 ሞላር አስቀድማችሁ 15 ደቂቃ አቆዩና ኦቫልቡሚኑን ጨምሩ። ፈጣኑ መኮማተር ጠፍቶ ዘገምተኛ፣ የማይለቅ መኮማተር ከቀረ ሉኮትራይኖችን ጠርጥሩ፤ ማስት ሴሉ እነዚህን የሚሠራው ከተነቃ በኋላ ነው። ኬላዌይና ትሬትዌይ በ1940 «በዝግታ የሚሠራ ንጥረ ነገር» ያሉት ይህንኑ ሲሆን ምንነቱን ሳሙኤልሶን ያወቀው በ1979 ነው። የነርቭን የአሴቲልኮሊን ትእዛዝ የሚዘጋው አትሮፒን ምላሹን ከቀነሰው ደግሞ ነርቮችም ገብተውበታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ለውዝ ከበላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል። ሰሞኑን ግብጦ በልቶ እንዲሁ ሆነ። ቡስኮፓን ብሰጠው ይሻለዋል? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህታችን፣ ቡስኮፓን የሚዘጋው ነርቭ ጡንቻውን የሚያዝበትን የአሴቲልኮሊን በር ነው። የሂስታሚን በር ሌላ ነው፤ ማስት ሴሉንም ቡስኮፓን አያስቆመውም። ቁርጠቱ ጥቂት ቢለዝብ እንኳ አለርጂው መንገዱን ይቀጥላል፤ በመካከሉ ወላጅ ይዘናጋል። የምንፈራው ይህንን ነው።

ግብጦና ለውዝ ዘመዳሞች ናቸው። የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች ስላሏቸው ለአንዱ የተሠራው አይጂኢ ሌላውንም ሊይዝ ይችላል፤ አብሽም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ግብጦን ለቀናት መዘፍዘፍ የሚያወጣው መራራውን አልካሎይድ እንጂ ፕሮቲኑን አይደለም። ለውዝን መቁላትም አለርጂውን አያጠፋውም። ምርመራው እስኪያልቅ ሦስቱንም ያርቁለት፤ በርበሬና ሽሮ ሲገዙ አብሽ ተጨምሮበት እንደሆነ ይጠይቁ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የለውዝና የግብጦ አይጂኢ በየስሙ ይታይለት። ጠቅላላ አይጂኢ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ የአንጀት ትል ያለበት ልጅ አለርጂ ሳይኖረውም ከፍ ሊልበት ይችላል። (ማስት ሴልና የአንጀት መኮማተር ትልን ጠርጎ ለማስወጣትም ይረዳሉ።)

ከቁርጠቱና ከማስመለሱ ጋር ሽፍታ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም መዝለፍለፍ ከመጣ አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ) ነው፤ ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን ነው። በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ታስቦ በጭኑ የውጭ ጎን መሃል፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። 18 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.18 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ከሚይዘው አምፑል 0.18 ሚሊ ሊትር ነው። ካልተሻለው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደገማል። እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ በጀርባው ተኝቶ እግሩ ከፍ ይበል፤ የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ ያስተኙት፤ ትንፋሽ ካጠረው ቁጭ ይበል። ድንገት አያስነሱት። ሴትሪዚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት ማሳከክን ያስታግሳል፤ የወረደ የደም ግፊትን ግን አያነሳም።

ጥያቄ፦ ሽሪምፕ በልቼ ሆዴን ቆርጦኝ፣ ሰውነቴ ሽፍ ብሎ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ከ2 ሰዓት በኋላ የተለካው ትሪፕቴዝ 7.5 ሆኖ «ኖርማል ነው» ተባልኩ። አለርጂ አይደለም ማለት ነው? — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እንደዚያ ማለት አይደለም። ትሪፕቴዝ ከማስት ሴል የሚወጣ ኢንዛይም ነው። ላቦራቶሪዎች እስከ 11.4 ያለውን ኖርማል ቢሉም ቁጥሩ መመዘን ያለበት ከራስዎ የዘወትር መጠን ጋር ነው። ምልክቱ ሁሉ ከጠፋ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይለኩና ያንን በ1.2 አባዝተው 2 ይደምሩ። የዘወትሩ 4 ቢሆን 6.8 ይመጣል፤ 7.5 ከዚያ ስለሚበልጥ ማስት ሴል መዘርገፉን ያሳያል። ባይበልጥ እንኳ በምግብ በሚመጣ አናፊላክሲስ ትሪፕቴዝ ብዙ ጊዜ ከፍ አይልም፤ አለርጂውን ውድቅ አያደርገውም። ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው የአለርጂ ሐኪም ያማክሩ። የቆዳ ምርመራ ከተቀጠረልዎ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ሐኪሙን ጠይቀው ከ7 ቀን በፊት ያቁሙ፤ አለበለዚያ ቆዳው ዝም ይልና ውጤቱ ያሳስታል። እስከዚያው ሽሪምፕ ብቻ ሳይሆን ክራብና ሎብስተርም ይቅርብዎ።