የባቡር ፎቶህ ላይ «ቆንጆ ነው» ብቻ ለሚሉህ ወንድሜ፣ እኔ የሆንኩትን ልንገርህ

ወንድሜ ጥያቄህን ያየሁት አሁን ነው፣ ዘግይቼም ቢሆን ልመልስልህ። «ሁለት ዓመት ባቡር ሳነሳ በለጠፍኩ ቁጥር ቆንጆ ነው ይሉኛል፣ ፎቶዬ ግን ያው ነው፣ ኮምፖዚሽኔን (ፎቶው ውስጥ ነገሮቹን የማስቀምጥበትን አቀማመጥ) የሚያርምልኝ እውነተኛ አስተያየት ከየት ላግኝ» ነው ያልከው አይደል? እኔ በዚህ ነገር ሦስት ዓመት ተቃጥያለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ይልብሃል ታገሰኝ። ስለ ሻተር ስለ ምናምን አላወራህም፣ ሁለት ዓመት ያነሳ ሰው እሱን ያውቀዋል። ሌንስ ቀይር የሚሉህንም ዝለላቸው፣ እኔ ቀይሬ አይቼዋለሁ፣ የድሮ ስህተቴን አጥርቶ ነው ያሳየኝ።

1. ስትለጥፍ «እንዴት ነው?» ብለህ አትጠይቅ። እንዴት ነው ለሚል ሰው መልሱ ቆንጆ ነው፣ ሌላ ምን ይበሉህ? አንድ ነገር ለይተህ ጠይቅ። እኔ «ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ? ከዛ ወዴት ሄደ?» ብዬ መጠየቅ የጀመርኩ ቀን ነው የነቃሁት። የሎኮሞቲቩን፣ ማለት ባቡሩን የሚጎትተውን ሞተር፣ ፊት ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ከመለሱልኝ ስምንት ሰዎች አምስቱ ከኋላ የቆመውን ነጭ መኪና አሉኝ። ነጭ መኪና! ፎቶው ውስጥ መኪና መኖሩንም እኔ አላውቅም ነበር። ቦታው ላይ ቆመህ ባቡሩ ሲመጣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል ልብህ ይመታል፣ ከሱ ውጪ ምንም አይታይህም። ፎቶውን የሚያየው ሰው ግን ጥሩምባውንም አልሰማ፣ መንቀጥቀጡም አልደረሰበት፣ ያለው አራት ማዕዘን ብቻ ነው፣ እዛ ውስጥ ደሞ በጣም የሚያበራው ነገር መኪናው ነበር።

2. ሙሉውን ፍሬም ለጥፍ፣ ክሮፕ ያላደረግከውን፣ ማለት ጠርዙን ያልቆረጥከውን። ከጎኑ ያስተካከልከውን አድርገው። ደሞ ምንም ነገር እንዳታጠፋ፣ ስማኝ፣ ምንም። ይሄን የምልህ ምክንያት አለኝ፣ ተራ ቁጥሩንም እዚህ ጋ ልተወው መሰለኝ ምክንያቱም ይሄ ታሪክ ሲጀመር አያልቅም።

አንድ ያረጀ ሎኮሞቲቭ ከአንድ መስመር ሊወጣ የመጨረሻ ጉዞውን የሚያደርግበት ቀን ነበር። ከድልድዩ ቀጥሎ መታጠፊያ አለ፣ ቦታውን ከሳምንት በፊት ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ ሁሉ አጥንቻለሁ፣ በዛ ቀን እንደኔ የተዘጋጀ ሰው አልነበረም ብል ጉራ አይሆንብኝም። ባቡሩ ሲመጣ ጣቴን ካሜራው ላይ ጭኜ ለቀቅኩት፣ አርባ ምናምን ፍሬም። ከዛ ምን አደረግኩ? ሌላ ባቡር ከሰዓት ስላለ ካርዴ እንዳይሞላ ብዬ እዛው ሣር ላይ ቁጭ ብዬ በዛች ትንሽ ስክሪን እያየሁ ማጥፋት ጀመርኩ። ሎኮሞቲቩ ትልቅ ሆኖ፣ ፊቱ ጥርት ብሎ፣ ፍሬሙን ሞልቶ የወጣባቸውን ሦስቱን አስቀርቼ ሌላውን በሙሉ አጠፋሁት። ንጹህ ሥራ ሠራሁ ብዬ ደሞ ኮራሁ።

ማታ ለጠፍኩት። ላይኩ ዘነበ። በጣም ደስ ብሎኝ ሳለ አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ብዙ ኮሜንት የማይሰጡ፣ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ግራ ጫፍ ላይ ያለው እጅ የማን ነው? ከዚህ በፊት ያለውን ፍሬም አሳየኝ።» ሄጄ ሳየው እውነትም የግራው ጫፍ ላይ ከክርኑ የተቆረጠ እጅ አለ፣ ለባቡሩ የሚያውለበልብ ሰው። እኔ አላየሁትም። ሰውየው ቀጠሉ፣ «ከሦስት ሰከንድ በፊት ሎኮሞቲቩ ገና ድልድዩ ጋ ነው፣ ፉርጎዎቹ ከኋላው ታጥፈው ይታያሉ፣ ከፊቱ ባዶ ቦታ አለው፣ ባዶው ቦታ ላይ ደሞ ሰው ቆሞ ይሸኘዋል፣ ፎቶህ እሱ ነበር፣ ይሄ የፓስፖርት ፎቶ ነው» አሉኝ።

የፓስፖርት ፎቶ! ደሜ ፈላ። ምን እንደመለስኩ ብነግርህ ታፍርብኛለህ፣ እርስዎ የት ነበሩ፣ እስቲ የርስዎን ያሳዩን ምናምን ብዬ ሦስት አንቀጽ ጻፍኩ። እሳቸው ምንም አልመለሱም። ሁለት ሳምንት ያህል ተኮራርፌ ቆየሁና አንድ ቀን ፎቶውን እንደገና ስከፍተው ዓይኔ ቀጥ ብሎ እጁ ላይ አረፈ። ከዛ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞችን ሞከርኩ፣ የጠፋው ላይ ሌላ ካልተጻፈበት ይመለስ ነበር፣ እኔ ግን በዛው ካርድ ከሰዓት በኋላ የመጣውን ባቡር ደርቤ አንስቼበታለሁ። ሎኮሞቲቩ እዛ መስመር ላይ ዳግም አልመጣም። ያ ሰው ማን ይሁን፣ ለምን ይሸኘው እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

እና ያኔ ሰውየውን በውስጥ መስመር ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ከዛ ወዲህ የማነሳውን ሁሉ መጀመሪያ የምልከው ለሳቸው ነው። ሌላ ምንም አላስተማሩኝም፣ ሁሌ የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ «ከዚህ በፊት ያለውስ? ከዚህ በኋላ ያለውስ?» ሒሳቡን እየው እስቲ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ካሜራህ በሰከንድ አምስት ቢያነሳ በአንዱና በሌላው ፍሬም መሃል ባቡሩ ከአራት ሜትር በላይ ተንቀሳቅሷል። አራት ሜትር ማለት ደሞ ምሰሶው ከሎኮሞቲቩ አናት ላይ እንደ ቀንድ የወጣበት ፎቶና ምሰሶው ከኋላ አልፎ ፊቱ ነጻ የወጣበት ፎቶ ልዩነት ነው። እሱን በትንሿ ስክሪን መለየት አትችልም። እኔ አሁን ሙሉ ተከታታዩን ስድስት ሰባት አድርጌ እለጥፍና «የቱ? ለምን?» እላለሁ፣ ሰው አንዱን መምረጥ ካለበት ቆንጆ ነው ብሎ ማምለጥ አይችልም።

3. (ተመለስኩ።) የማንን አስተያየት እንደምትሰማ ለይ። ባቡር የሚያውቅ ሰውና ፎቶ የሚያውቅ ሰው አንድ አይደሉም። ባቡር የሚያውቀው የሎኮሞቲቩ ቁጥር አይነበብም፣ ጎማዎቹ ሣር ውስጥ ተደብቀዋል፣ የባቡሩ ጭራ ተቆርጧል ይልሃል። ፎቶ የሚያውቀው ደሞ ሰማዩ ባዶ ነው፣ ዓይኔ የሚገባበት መንገድ የለውም ይልሃል። ሁለቱም ልክ ናቸው ግን ሁለቱን በአንድ ፎቶ ላስደስት ካልክ አበቃልህ፣ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የሁሉንም ሰምቼ ሁሉም ፎቶዬ አንድ ዓይነት ሆኖብኝ ነበር፣ ከፊትና ከጎን የሚያሳየው የተለመደው አንግል፣ ፀሐይ ከጀርባዬ፣ በቃ። ማንም አይነቅፈውም፣ ማንም አያስታውሰውም። እኚያ የፓስፖርት ፎቶ ያሉኝ ሰውዬ የፎቶ አንሺውን የኦ. ዊንስተን ሊንክን ሥራዎች ሄደህ እይ ያሉኝ ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የሚባለውን የባቡር ኩባንያ የእንፋሎት ባቡሮች በሌሊት፣ ብዙ ፍላሽ አምፖል በሽቦ አያይዞ ያነሳ ሰው ነው። ብዙዎቹ ላይ ባቡሩ ከኋላ ነው የሚያልፈው፣ ከፊት ሰዎች መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ይዋኛሉ፣ በረንዳ ላይ አሉ። ባቡሩ ትንሽ ሆኖ ጭራሽ ገዝፎ ይታይሃል። እኔ ደሞ ሎኮሞቲቩን ለማግዘፍ ስንት ዙም ተሸክሜ ስዞር ነበር!

4. ፎቶህ ዘምሟል ሲሉህ በባቡሩ አታቅና። ይሄን እኔም ተሳስቻለሁ ሌላውም ሲሳሳት በየቀኑ አያለሁ። መታጠፊያ ላይ የውጪው ሐዲድ ከውስጡ ከፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ባቡሩ ራሱ ወደ ውስጥ ያዘማል። 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መስመር ላይ አንዱ ሐዲድ 100 ሚሊ ሜትር ቢነሳ ወደ አራት ዲግሪ ያህል ነው፣ ለዓይን ብዙ ነው። አንዱ «ዘሞብሃል» አለኝ፣ እኔም ሎኮሞቲቩን ቀጥ አደረግኩት፣ ቤቶቹና ምሰሶዎቹ በሙሉ ወደቁ፣ ስካር የያዘው ሰፈር መሰለ። መሃል አካባቢ ያለ ምሰሶ ወይ የቤት ማዕዘን ፈልግና በሱ አቅና፣ ባቡሩ ያዘንብል፣ እውነቱ እሱ ነው።

5. የሚገድል አስተያየትም አለ፣ ቀልዴን አይደለም። «ሐዲዱ መሃል ቁም፣ ሁለቱ ሐዲዶች ሲገናኙ ያምራል» የሚል ኮሜንት ደርሶኛል፣ አርባ ሰው ላይክ አድርጎታል። አጥፍቶ የሚሄድ ሰው ምክር ነው። ፎቶ ላይ ቀርፋፋ የሚመስል ባቡር ቀርፋፋ አይደለም፣ የተጫነ የዕቃ ባቡር ፍሬን ከያዘ በኋላ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ነጂው ቢያይህም ምንም ሊያደርግልህ አይችልም። የባቡሩ አካልም ከሐዲዱ ወደ ጎን ወጣ ያለ ነው፣ ጠርዝ ላይ ነኝ ብለህ አትመን። ያንን እይታ ከፈለግከው ከእግረኛ ድልድይ ላይ ወይ ከፕላትፎርም ጫፍ፣ ከተሰመረው የጥንቃቄ መስመር ወዲህ ሆነህ፣ በረጅም ሌንስ ታገኘዋለህ። ፕላትፎርሙ ደሞ ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል፣ ስለሱ ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። አንድ ቢሮ ለፈቃድ ሄጄ ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ሰው አጣህ ባቡር የምታነሳው?» አለኝ። ሦስት ቀን አመላለሰኝ። በሦስተኛው ቀን ያነሳኋቸውን ስድስት ፎቶዎች አትሜ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት፣ ዝም ብሎ አየ፣ አየ፣ አንዱን አነሳና «ይሄኛው ላይ ለምን ባቡሩን ግድግዳ አስመታኸው?» አለኝ። ፊቱ ከፎቶው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ መሄጃ አልተውኩለትም። ፈቃዱን ፈረመልኝ፣ ባለጌ ነው ግን ዓይን ነበረው። እስካሁን ከባቡሩ ፊት ክፍት ቦታ ስተው የሱ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ።

ባለፈው የለጠፍከውን የቀይ ፉርጎዎቹን ፎቶ አይቼዋለሁ፣ ክሮፕ እንዳደረግከው ያስታውቃል፣ በቀኝ በኩል የሆነ ጥላ ይጀምርና ይቋረጣል። ኦሪጅናሉን ከነፊትና ኋላው ጣልልኝ እስቲ፣ ያ ጥላ የማን እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። አጥፍቼዋለሁ እንዳትለኝ ብቻ።