ዓድዋ በ1888 ወይስ በ1896?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ 12 የታሪክ መጻሕፍት አነባለሁ ብዬ ተነስቼ ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። አንዱ ዓድዋን በ1888፣ ሌላው በ1896 ይላል። ስሞቹም ተምታቱብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሁለቱም ዓመቶች ልክ ናቸው፤ የመጀመሪያው የእኛ፣ ሁለተኛው የፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ለሆነ ነገር 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ይደምሩ። ዓድዋ የካቲት 23 ስለነበር 8 ተደመረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነው ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ስለሆነ 7 ተደምሮ 1930 ይመጣል። ስህተት የሚበዛው ሁልጊዜ 8 ከመደመር ነው። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ዓመት ይያዙ።

ስሙን በተመለከተ፣ በደብተርዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የልደት፣ የዙፋንና የፈረስ ስም ጎን ለጎን ይጻፉ። ዳግማዊ ቴዎድሮስም ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ነበር፤ «አባ ታጠቅ» የመጀመሪያው፣ «አባ በዝብዝ» የሁለተኛው ነው። ይህ ሰንጠረዥ ከሌለ ከ1840ዎቹ እስከ 1860ዎቹ ያለውን ዘመን መለየት በጣም ያደክማል።

12 መጽሐፍ በአማካይ 400 ገጽ ቢሆን በቀን 13 ገጽ ይደርሳል። ከበዛብዎ ቁጥሩን ወደ 6 ያውርዱ፤ ሦስቱን ግን በአንድ ዘመን ላይ ያድርጉ። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ሰዎቹን ስለሚያውቋቸው ንባቡ ይፈጥናል፣ ጸሐፊዎቹ የሚለያዩበትም ቦታ ወዲያው ይታይዎታል።