ሶፋው ይቆይ፣ መጀመሪያ ኮርኒሱ

ብርዱ ሲገባ ስለ ቤት የሚጽፍልኝ ሰው ይበዛል። ክረምት ላይ ሁሉም የሚያስበው ስለሚያፈስ ጣሪያ ነው። ጥቅምት ሲነካ ግን ሰዉ ሳሎኑን ዞር ብሎ ማየት ይጀምራል። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ፤ ሦስቱ ከደጋው ናቸው፣ አንዱ ከቆላው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ቤታችን የጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፣ ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ይሆናል። አምና ስልክ ላይ ባየሁት ፎቶ ተመርቼ ግድግዳውን ጠቆር ባለ ግራጫ አስቀባሁት፣ ትልቅ ኤል ሼፕ ሶፋም ገዛን። አሁን ቤቱ እስር ቤት መሰለኝ። ማታ ማታ ጋቢ ተከናንበን ነው ቴሌቪዥን የምናየው። ኮርኒሳችን የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። ጥር ላይ ዕቁብ ይወጣልኛል። ባለቤቴ ወለሉን ሴራሚክ እናድርገው ይላል፣ እኔ ሶፋውን መለወጥ አምሮኛል። ከየቱ እንጀምር? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ላንቺም ለእሱም አልፈርድም። ዕቁቡ የኮርኒስ ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የሞቀ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ልጆቹ፣ ቡናው፣ ድስቱ፣ እናንተ ራሳችሁ ቤቱን ስታሞቁት ትውላላችሁ፣ ያ ሙቀት ግን በማዳበሪያው ስፌት እየሾለከ ቆርቆሮው ሥር ይገባል። ቆርቆሮ ቀጭን ብረት ነው፣ ምንም አይዝም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ በሚቆጠርበት የኅዳር ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ ብሶ ይቀዘቅዛል። ንጋት ላይ ዝናብ ሳይኖር ጣሪያው ጠብ ጠብ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ቆርቆሮው ተበስቶ አይደለም። የናንተው ትንፋሽና የጀበናው እንፋሎት ነው፣ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ የሚመለሰው። ስንቱ ሰው "አፈሰሰ" ብሎ ደህና ቆርቆሮ አስነቅሏል መሰለሽ።

ስለዚህ አናጢ ጥሪ፣ ሞራሌ ረብርቦ ቺፕውድ ይምታበት። ከፍታው ከወለሉ 2 ሜትር ከ60 ይበቃል። "ከፍ ሲል ነው የሚያምረው" ቢልሽ እንዳትሰሚው፤ ላይ ላይ የተጠራቀመ ሙቀት ለሸረሪት ነው የሚጠቅመው። ዋናው መጋጠሚያው ነው፣ ክፍተት እንዳይተው ቆመሽ አሠሪው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ግን በቆርቆሮው ጠርዝ በኩል ይተንፍስ፣ እሱን አትድፈኑት፣ አለዚያ እንጨቱ ይበሰብሳል። ላዩ ላይ ጭድ ይበተንበት የሚልሽም አይጠፋም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ጣሪያ ላይ ጭድ መበተን እሳት መጥራት ነው፣ አይጡም ሠርግ ይደግስበታል። ሽቦውን ካነሳን አይቀር ኮርኒሱ ሳይዘጋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሥራውን ይጨርስ። መሃል ላይ አንድ ነጭ አምፖል ከማንጠልጠል ሁለት ቢጫማ አምፖል በሁለት ጥግ ይሻልሻል።

ሴራሚኩን በተመለከተ ከራሴ ልንገርሽ። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ባለሙያ "ሴራሚክ ካላነጠፍክ ቤት ሠራሁ አትበል" ብሎኝ ሳሎኔን ሙሉ አነጠፍኩ። ታኅሣሥ ላይ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች፣ እንደ ልማዷ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመልሳ አደረገችው። ምንም አላለችም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሴራሚክ ከምንጣፍ የበለጠ ቀዝቃዛ ሆኖ አይደለም፤ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደሩት። የእግርን ሙቀት ቶሎ ስለሚስብ ነው። እናንተ ሊሾው ከተሰነጠቀ አስደፍኑትና የሱፍ ምንጣፍ ጣሉበት። ደብረ ብርሃን በእጅ በሚሠራ የሱፍ ምንጣፍ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት፣ እኛ ግን እዚሁ ተቀምጠን ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ እንንቀጠቀጣለን።

ቀለሙ። ስንት መስኮት እንዳለሽ አልጻፍሽልኝም፣ ግን ልወራረድ፦ ቡፌው አንዱን ጋርዶታል። በገባሁበት ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ ስለዚህ በብርዱ ወራት በነፃ የሚያሞቅሽ የደቡቡና የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቁ መስኮት ነው። ቡፌው ከእነሱ ፊት ይነሳ፣ ካስፈለገ ጓዳ ይግባ። ግራጫውን ሁሉ አታጥፊው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውንና ጎኖቹን ክሬም ወይም የተነጠረ ቅቤ በሚመስል ቀለም አስቀቢ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ግራጫውን እንደያዘ ይቆይ፣ እዚያ ያምራል።

ቀለም ከመግዛትሽ በፊት ግን ግድግዳውን በጣትሽ እያንኳኳሽ ዙሪው። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲሚንቶው እኩል አይከተለውም። ያንን ቦታ አስረግፈሽ ወይ የሽቦ ወንፊት አስመትተሽ እንደገና ይለሰን፣ ወይ በደንብ ከቦካ ጭቃና ጭድ ይመረግ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ርካሽ ነው፣ ግድግዳውም ይወደዋል።

ሶፋውን አትሽጪው። አብዛኛው ኤል ሼፕ ከመገጣጠሚያው ለሁለት ይለያል። ለያዪውና ፊት ለፊት አድርጊው፣ ከውጭው ግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ አለዚያ ጀርባው ይሻግታል። መሃል ላይ ረከቦትሽ የሚዘረጋበት፣ ቄጠማ የሚጎዘጎዝበት ቦታ ይኑርሽ፤ ቡና በማይፈላበት ሳሎን ውስጥ ማን ይቀመጣል?

የቤቱ ክፍተት ሲደፈን ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። በማዳበሪያው ስፌት ሲወጣ የነበረው የከሰል ጋዝ አሁን መውጫ ያጣል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም የሚባለው ውሸት ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ቡና ሲፈላ መስኮት ገርበብ ይበል። ከሰል ይዞ መተኛት ደግሞ በፍጹም።

ጥያቄ፦ አያቴ ጻፍልኝ ብለውኝ ነው። ያለነው መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ቤታቸው የድንጋይ ነው፣ ክዳኑ ሣር። አጎቶቼ ከአዲስ አበባ መጥተው "አፍርሰን በብሎኬት እንሥራልዎት" አሏቸው። እማማ "እኔ ስሞት አፍርሱት" ብለው ተቆጡ። እውነት ለመናገር ግን ቤቱ ጨለማ ነው፣ ጭሱም ዓይናቸውን ጎድቷቸዋል። የሚያስማማ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። እማማ፣ የልጅ ልጅዎ ሲያነብልዎ ይስሙኝ፦ ስለ ግድግዳው አንቱ ልክ ነዎት፣ ስለ ጭሱ ደግሞ ልጆችዎ ልክ ናቸው።

የመንዝ የድንጋይ ግድግዳ ውፍረቱ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ቀስ እያለ ማታ ይለቃል። ብሎኬት 20 ሳንቲሜትር ነው፣ ውስጡም ክፍት። በዚያ ላይ ቆርቆሮ ሲጫንበት ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ ቤት ይሆናል። አጎቶችህ ገንዘቡ ካላቸው ድንጋዩን ትተው ማድ ቤት ይሥሩላቸው። እሳቱ ከቤት ይውጣ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይተከል። ከዚህ በፊት ሌላ ምንም አይሠራ።

ቀጥሎ መስኮት። በደቡብ በኩል 60 በ80 ሳንቲሜትር አንድ ቢከፈት ቤቱ ሌላ ይሆናል። ግን ድንጋይ ግድግዳ በዶማ የሚበሳ ነገር አይደለም፣ አንዱ ሲነቀል ሦስቱ ይከተላሉ። ድንጋይ የሚያውቅ ግንበኛ ይምጣ፣ በበጋ ይሥራ፣ ከቤቱ ማዕዘን ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ከመስኮቱ በላይ የሚጋደመው እንጨት ወይም ድንጋይ ግራና ቀኙ ግድግዳው ውስጥ በደንብ ይግባ፣ ስንዝር ያህል። ከዚያ ጥላሸቱ ይታጠብና ውስጡ በኖራ ይቀባ። በኖራ የተቀባ ግድግዳ ከአንዲት ትንሽ መስኮት የሚገባውን ብርሃን ለቤቱ ሁሉ ያዳርሰዋል።

መደቡን ማንም እንዳይነካው። ሶፋ አምጥታችሁ እማማን እንዳታሰቃዩ፣ ለጉልበታቸውም አይሆንም፣ ሰምጠው መነሳት ያቅታቸዋል። መደቡ በጭቃ ተለቅልቆ ይስተካከል፣ አጎዛ ይነጠፍበት፣ ባና ይደረብበት። አዲስ አበባ ያሉ ውድ ሆቴሎች ይህን "ባህላዊ ዲዛይን" ብለው ያስከፍሉበታል።

አንድ የማልደብቀው ነገር አለ። ጭስ የሣር ክዳንን ከነቀዝና ከብስባሽ ይጠብቀው ነበር። እሳቱ ሲወጣ ሣሩ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ክረምት ሲወጣ በየዓመቱ እያያችሁ የሳሳውን ደርቡበት። የጓሳ ሣር የሚገኘው ደግሞ ማኅበረሰቡ ማጨድ በፈቀደ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሲከፈት የሁለት ሦስት ዓመቱን አስባችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ፣ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ደብረ ብርሃን ያለው ወንድሜ ቤት ያየሁትን ቬልቬት ሶፋና ወፍራም መጋረጃ እኔም አደረግኩ። ቤት መግባት አስጠላኝ፣ ላብ በላብ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የወንድምህ ቤት 2,800 ሜትር ላይ ነው፣ ያንተ 1,300 አይሞላም። ጣርማ በርን ስትወርድ ጋቢህን ታወልቃለህ አይደል፣ ሶፋውንም እንደዚያ ቁጠረው።

ላንተም መጀመሪያው ኮርኒስ ነው፣ ግን በተገላቢጦሽ። ከፍ ይበል፣ 3 ሜትር ቢሆን ጥሩ። ከላዩ ያለው የጋለ አየር የሚወጣበት በሁለቱም ጎን ቀዳዳ ይተውለት። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም አስቀባው፣ ነጭ ፀሐይን ይመልሳል። መስኮት በአንድ ጎን ብቻ ካለህ በተቃራኒው ግድግዳ ሌላ ክፈት፣ ነፋስ መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ይፈልጋል። ሁለቱም ላይ ወንፊት ይመታ፣ የሮቢትን ትንኝ ታውቀዋለህ። ወፍራሙን መጋረጃ ለወንድምህ ላክለት፣ በስስ ጥጥ ተካው። ሶፋው ላይ የፈታይ ጥጥ ጨርቅ አልብስበት። ሴራሚክ ካማረህ ደግሞ ይነጠፍልህ፣ እሱ ያንተ አገር ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሬ 3 በ4 የሆነች አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የማበስልበት፣ እንግዳ የማስቀምጥበት ሁሉም እዚያው ነው። አከራዬ ጥሩ ሴት ናቸው፣ ግን "ግድግዳዬ ላይ ሚስማር አላይም" ብለዋል። እባክሽ/እባክህ መላ በሉኝ። (ተከራይዋ)

መልስ፦ "እባክህ" ነው፣ እህቴ። አከራይሽም እውነታቸውን ነው፣ የጭቃ ግድግዳ ሚስማር ሲመታበት ስኒ የሚያህል ልስን ይዞ ይወርዳል።

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንሺና በአልጋውና በበሩ መካከል አቁሚው፣ ጀርባው ወደ በሩ። ያ ጀርባ አስቀያሚ ቺፕውድ ነው፣ በደማቅ ጨርቅ ሸፍኚው፣ ጨርቁን በሳጥኑ እንጨት ላይ መምታት ትችያለሽ፣ ሳጥኑ ያንቺ ነው። አሁን በሩን የሚከፍት ሰው አልጋሽን አያይም፣ ከዚህ ወዲህ ያለው ሳሎንሽ ነው። እዚያ ሶፋ አታስቢ። ሁለት ዱካና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ይበቃል፣ ለሦስተኛው እንግዳ ጀሪካን ላይ ትራስ።

አልጋውን በአራት ብሎኬት ከፍ አድርጊው፣ ሥሩ ሻንጣና የእህል ማስቀመጫ ይገባል፣ ከወለሉ ብርድም ትርቂያለሽ። ብሎኬቱ ከእግሩ ይስፋ፣ እንዳይንሸራተት አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጪበትና ፈትኚው። ማብሰያሽ ኤሌክትሪክ ይሁን፣ በ12 ካሬ ውስጥ ከሰል አይታሰብም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለሽ እዚያው ሥሪ፣ አከራይሽም ሽታው ሲደርሳቸው ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ያኔ ቀስ ብለሽ ስለ አንዲት ሚስማር ጠይቂያቸው።