መልስ፦ የልዕለ ጀግና ፊልም ለምን እንዲህ ተወደደ?

ወንድሜ፣ «ደሴ ያሉ ልጆች እንግሊዝኛው ሳይገባቸው እነዚህን ፊልሞች እንዴት ወደዷቸው?» ላልከው፣ ታሪኩ በዓይን ስለሚገባ ነው። ጀግናው በልብሱ ይታወቃል፤ ማን ከማን እንደተጣላም ግልጽ ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ማርቭል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚሠራቸው ፊልሞች በታሪክ መያያዛቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «አይረን ማን» የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ካለቀ በኋላ ኒክ ፉሪ የተባለው የስለላ አለቃ ብቅ ብሎ አቬንጀርስ ስለሚባለው የጀግኖች ቡድን ያነሳል። ተመልካቹን ለቀጣዩ የምታስናፍቀው ያቺ ቁራጭ ናት፤ ድንቅ ብልሃት ነው! በ2019 የዚሁ ቡድን ፊልም «ኤንድጌም» ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ የ11 ዓመት ጉጉት ተጠራቅሞለት ነበር።

ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው፤ ከመሃል የጀመረ ሰው ግራ ይጋባል። ስለዚህ ከ2008ቱ ተነስተህ በወጡበት ቅደም ተከተል እያቸው። ስም ዝርዝሩ ሲጀምር ደግሞ እንዳታጠፋው።