የተቆለፈን ክፍል በኅብረት መፍታት

ጥያቄ፦ በደሴ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። በቅርቡ ኢስኬፕ ሩም (እንቆቅልሾችን ፈትቶ ከተቆለፈ ክፍል የመውጣት ጨዋታ) ተጫውተን ሁላችንም በአንድ ቁልፍ ላይ ስንረባረብ ሰዓቱ አለቀብን። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን ኪዮቶ ሲዘጋጅ ከታወቀ ወዲህ በአብዛኛው በ60 ደቂቃ የሚገደብ በመሆኑ፣ በአንድ ነገር ላይ መሰብሰብ ብዙ ያስከፍላል። እንደገባችሁ ተበታትናችሁ መሳቢያውን፣ ምንጣፉን፣ የሥዕሉን ጀርባ ሳይቀር ፈትሹ፤ ያገኛችሁትንም ወዲያውኑ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ አንዱ ያየው ቁጥር ሌላው የያዘውን ቁልፍ የሚከፍት ሊሆን ይችላልና። በወሎ አባጋር የሚባለው ባህላዊ አስታራቂ የሁሉንም ወገን ሰምቶ ነገሩን እንደሚያያይዝ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ራሱ ከመፍታት ይልቅ የተገኘውን ሁሉ እየሰማ ያገናኝ፤ እኛ ከሁሉ የምናስበልጠው ምክር ይህ ነው።

ባለ4 አሃዝ ቁልፍ 10,000 አማራጮች ስላሉት በግምት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የሦስቱ አሃዞች ቦታ በትክክል ከታወቀ ግን የሚቀሩት 10 ሙከራዎች ብቻ ስለሆኑ፣ አራተኛውን ፍንጭ ከመፈለግ ቁልፉን ማዞር ይቀላል። አገልግሎቱን የጨረሰ ቁልፍ በገባበት ይቅር፤ የተፈታ ወረቀትም ለብቻው ይቀመጥ። አንድ እንቆቅልሽ ለጥቂት ደቂቃዎች ከያዛችሁ ለሌላ ሰው አስረክቡት፤ እሱም ካቃተው አስተናባሪውን ፍንጭ ጠይቁ።